አንድ መንገድ፣ ዐሥር ዕፅ፦ አገር በቀል ዕፅዋትን ከሠፈር ሰው ጋር እየዞሩ መማር

ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትወጡት ሰዎች ጋር መውጣት እፈልጋለሁ፣ ግን ስለ ዕፅዋት ምንም አላውቅም፣ ከየት ልጀምር?» ሌላው ደግሞ «በእኛም ሠፈር እንዲህ ያለ ቡድን ማቋቋም ፈልገናል፣ ምን ምን ያስፈልጋል?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው እኛ ስለምንዞርበት ስለ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። እንጦጦ፣ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ አንዳንዴም መናገሻ ሱባ ደን። ሌላ ከተማ ያላችሁ የዕፅዋቱን ዝርዝር በአካባቢያችሁ ባለው ቀይሩት፣ አሠራሩ ያው ነው።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። አንድ አጭር መንገድ ምረጡ። ዐሥር ዕፅ ብቻ ያዙ። በየወሩ ወደዚያው መንገድ ተመለሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ ከፍተኛ ዕፅዋት አሉ፣ ከእነዚህም ከዐሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ አገር ውጭ አይገኝም። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ የሚነሣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይደክመዋል። ዐሥር ዕፅ በደንብ የለየ ሰው ግን ዐሥራ አንደኛውን ራሱ ያገኘዋል፣ ምክንያቱም ዐይኑ ምን መፈለግ እንዳለበት ለምዷል።

ሦስት ቃላት እንስማማ። አገር በቀል የምንለው ሰው ሳያመጣው እዚሁ የበቀለ ነው፣ ሌላም አገር ሊኖር ይችላል። ወይራ አገር በቀል ነው፣ ኬንያም አለ። ብርቅዬ የምንለው እዚህ አገር ብቻ የሚገኘውን ነው። መጤ የምንለው ከሌላ ቦታ የመጣውን ነው፣ እንደ ባሕር ዛፍ፣ እንደ ጃካራንዳ፣ እንደ ግራቪሊያ። መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም፣ ብዙ ዘመን እዚህ ስለቆየ ብቻም አገር በቀል አይሆንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አይሁን፣ ጤዛና ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፣ የወር ሥራ ይጠፋል።
- አጉሊ መነጽር፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ። ለአምስት ሰው አንድ ይበቃል።
- የአንድ ሜትር የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ጨርቅ፣ ለፎቶ ከቅጠሉ ጀርባ የሚያዝ።
- ስልክ፣ ሙሉ ባትሪ ያለው።
- ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ ትንሽ ቆሎ ወይም ዳቦ።
- እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ባርኔጣ። እንጦጦ ላይ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ቆዳ ያቃጥላል።
- ጓንት፣ ፕላስተር፣ ሳሙና፣ ዐይን ማጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ለብቻው በጠርሙስ።
- የቆሻሻ ከረጢት።

ከመውጣታችሁ በፊት ልብ በሉ

ይህን ክፍል ዘላችሁ አትለፉ። የማታውቁትን ፍሬም ቅጠልም አትቅመሱ። ቡድን ውስጥ ሁልጊዜ «ልጅ ሆነን እንበላው ነበር» የሚል ሰው አለ፣ ልክም ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱ የሚያውቀው ዕፅና ፊታችሁ ያለው ዕፅ አንድ መሆናቸውን ገና አላረጋገጣችሁም። የእምቧይ ቢጫ ፍሬ ልጅን ይስባል፣ መርዛም ነው። እንዶድ ልብስ ያጥባል እንጂ አይበላም። አስተናግር፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለው፣ መንገድ ዳር ሁሉ የሚበቅለው እሾሃማ ፍሬ ያለው መጤ ዕፅ ከቅጠሉ እስከ ዘሩ መርዝ ነው።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዐይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ ከእኛ አንዱ የቁልቋል አጥር ነክቶ ሳያስበው ዐይኑን አሸ። ውኃ ስለነበረን ወዲያው አጠብነው፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፣ ያም ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ በሕመም አሳለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዐይን ውኃ ለብቻው እንይዛለን። ሳማ ደግሞ ያቃጥላል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፓርቲኒየም የሚባለውን ወራሪ አረም በባዶ እጅ አትንቀሉ፣ ብዙ ሰው ላይ የቆዳ አለርጂ ያስነሣል።

የባህል መድኃኒትን በተመለከተ ደግሞ እንዲህ ነው። ዕፁን ለይታችኋል ማለት መጠኑን ታውቃላችሁ ማለት አይደለም። ኮሶ ድሮ ለኮሶ ትል ይጠጣ ነበር፣ መጠኑ ሲያልፍ ግን ሰው ይጎዳል። በቡድን ጉዞ ላይ መድኃኒት አይሞከርም፣ በቃ።

ደረጃ 1። ሰው ሰብስቡ

ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ከኋላ ያሉት ምንም አያዩም፣ የሚሰሙት የሌላውን ወሬ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያንስ ደግሞ ለደኅንነት ጥሩ አይደለም። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ብቻችሁን ወይም ለሁለት አትግቡ፣ ቀማኛም ጅብም አለ።

ስትሰበስቡ እኩዮቻችሁን ብቻ አትጥሩ። አካባቢውን የሚያውቁ አንድ አባት ወይም እናት፣ ግብርና ወይም ደን የተማረ አንድ ሰው፣ ፎቶ የሚወድ አንድ ልጅ ካገኛችሁ ቡድኑ ቆመ ማለት ነው። ሥራ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ከፊት ይመራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ማንም እንዳይቀር ይጠብቃል። ሥራው በየጉዞው ይቀያየር። ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍ ከሆነ እሱ ብቻ ይማራል።

ደረጃ 2። መንገድ ምረጡና ፈቃድ ጠይቁ

አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ይሁን። አዎ፣ አንድ ኪሎ ሜትር። እኛ ለዚያ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል፣ አንዳንዴም አንጨርሰውም። ረጅም መንገድ ስትመርጡ ጉዞው የእግር ስፖርት ይሆናል፣ ዕፅዋቱ ደግሞ በጎን ያልፋሉ።

ለጀማሪ የምመክረው ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ቦታ ነው፣ ለማየትና ለመማር ታስቦ የተሠራ። እንጦጦ ላይ የምትጀምሩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፦ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የምታዩት አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀሉን የምታገኙት ከሥሩ፣ በገደሉ ዳር፣ በወንዙ ጥግና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ለዚህ ትምህርት እጅግ ሀብታም ነው፣ ሌላ ቦታ የተቆረጠው ጥድና ወይራ እዚያ ቆሟል። ነገር ግን አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን ወይም ጥበቃውን አስፈቅዱ። ቅዳሴ ባለበት ሰዓት አትግቡ፣ ልብሳችሁ የሚገባ ይሁን፣ ድምፅ አታሰሙ፣ ቅጠል አትቅጠፉ። ፎቶ ማንሣት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። አንዴ በደንብ ከጠየቃችሁ በሚቀጥለው ወር በሰላምታ ነው የሚቀበሏችሁ።

ደረጃ 3። ወቅትና ሰዓት

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተገናኙ። ብርሃኑ ለፎቶ ጥሩ ነው፣ አበባው አልጠወለገም፣ ፀሐዩም አልበረታም። ከ5 ሰዓት በኋላ ሰው ይደክመዋል፣ የደከመ ሰው ደግሞ «ያው ነው» እያለ ያልፋል።

ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው። ወርኃ ጽጌ በከንቱ አልተባለም። ትንንሾቹ ሣር መሳይ ዕፅዋት ሁሉ በዚያን ጊዜ ያብባሉ፣ አበባ ያለው ዕፅ ደግሞ ለመለየት በጣም ይቀላል። በጋ ላይ የምትጀምሩ ከሆነ ዛፎቹን ያዙ። ክረምት ላይ ገደል ያለበት መንገድ አትሂዱ፣ ጭቃው ያንሸራትታል።

ደረጃ 4። ዐሥሩን ዕፅ ምረጡ

ለአዲስ አበባ ዙሪያ የእኛ ዝርዝር ይህ ነው፦ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ጥቁር እንጨት፣ አጋም፣ ቀጋ፣ ግራዋ፣ አምጃ፣ ሳማ። የመረጥኳቸው ስለሚያምሩ አይደለም። እያንዳንዳቸው አንድ የመለያ ትምህርት ስለሚያስተምሩ ነው።

ጥድ የሚያስተምረው ስም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ሁለቱም «ጥድ» ይባላሉ፣ ቅጠላቸውም ከሩቅ ይመሳሰላል፣ ግን የተለያዩ ዛፎች ናቸው፣ የፈረንጁ መጤ ነው። ፍሬውን እዩ። የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የፈረንጁ ደረቅ እንጨት የሆነ ድቡልቡል ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ስለሆኑ ወንዱ ላይ ያን ፍሬ አታገኙም። ስለዚህ «ፍሬ የለውም፣ የሐበሻ አይደለም» አይባልም። እኛ ራሳችን አንድ የፈረንጅ ጥድ ለሦስት ወር የሐበሻ ብለን መዝግበን ነበር፣ ያረምነው መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ አንሥተን ስናይ ነው።

ብሳና አጉሊ መነጽር መጠቀም ያስተምራል። ቅጠሉ ልብ ይመስላል፣ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከሩቅም በዚያ ይለያል። ቀረብ ብላችሁ ግን የቅጠሉ አንገት ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ እጢዎች ፈልጉ። እነሱን ያየ ሰው ብሳናን ዳግመኛ አይስትም።

ጥቁር እንጨት አፍንጫን ያስተምራል። ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት አድርጉት፣ የመራራ አልሞንድ ጠረን ይመጣል። ያ ጠረን የመርዝ ምልክት ስለሆነ ማሽተት እንጂ ማኘክ የለም። የወደቀ ቅጠል ካገኛችሁ በእሱ ሞክሩ።

ኮሶ ምን «አንድ ቅጠል» እንደሚባል ያስተምራል። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ ደረጃ 5 ላይ እመለስበታለሁ። ከዚያም በላይ ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው፤ የሴቷ ተንዠርጋጊ አበባ ወደ ቀይ ይሄዳል፣ የወንዱ ፈዘዝ ያለ ነው። ሁለት ዓይነት ዛፍ አገኘን ብላችሁ እንዳትጽፉ።

አጋምና ቀጋ እሾህ ከእሾህ እንደሚለይ ያሳያሉ። የአጋም እሾህ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፣ ቅጠሉ ሲቀጠፍ ነጭ ወተት ያወጣል። የቀጋ እሾህ ቆልመም ያለ ነው፣ ልብስ ይይዛል፣ ቅጠሉም በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች አሉት፣ ወተት የለውም። ሁለቱም ነጭ አበባ ስላላቸው ጀማሪ ያምታታቸዋል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ወይራ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ታቹ ፈዛዛ ነው፣ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል። ግራዋን የጠላ ጋን ያጠበች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ከእሷ ተማሩ። አምጃ ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው። ሳማ ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሚሸሸው ማንም ቀርቦ አያየውም፣ ነገር ግን የእኛው ደጋ ሳማ የኢትዮጵያ ብርቅዬ ዕፅ ነው።

ደረጃ 5። ከስሙ በፊት ተመልከቱ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ነው። ዕፁ ጋር ስትደርሱ ማንም ስም እንዳይናገር ተስማሙ። ለሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ስም ከተጠራ በኋላ ሰው ማየት ያቆማል፣ ይህንን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። «ብሳና ነው» ሲባል ሁሉም ደብተሩ ላይ ጽፎ ያልፋል፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ብሳና ፊት ብታቆሙት አይለየውም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ሀ. ራቅ ብላችሁ መልኩን። ዛፍ ነው፣ ቁጥቋጦ፣ ሐረግ ወይስ ሣር መሳይ? ቁመቱ በግምት ስንት ነው?

ለ. የቆመበትን ቦታ። ወንዝ ዳር፣ ዐለት ላይ፣ ጥላ ውስጥ? ይህንን የማይጽፍ ቡድን በኋላ ስሙን ለማረጋገጥ ይቸገራል፣ ምክንያቱም ሁለት ተመሳሳይ ዕፅዋት ብዙ ጊዜ በቦታቸው ነው የሚለያዩት።

ሐ. ግንዱንና ቅርፊቱን። ለስላሳ፣ የተሰነጠቀ፣ የሚላላጥ?

መ. የቅጠሉን አቀማመጥ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ወጥተዋል ወይስ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ እየተፈራረቁ? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ የዝርዝራችሁን ግማሽ ያስወጣላችኋል።

ሠ. አንድ ቅጠል የቱ ነው? ኮሶ ጋር ቆማችሁ ይህን ሞክሩ። ብዙ ትንንሽ ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ታያላችሁ። እነዚያ ትንንሾቹ ቅጠሎች ናቸው ወይስ ዘንጉ በሙሉ አንድ ቅጠል ነው? መልሱን የሚሰጣችሁ እንቡጡ ነው። አዲስ እንቡጥ የሚወጣው ቅጠል ከቅርንጫፍ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ነው። በትንንሾቹ ሥር እንቡጥ የለም፣ በዘንጉ ሥር ግን አለ። ስለዚህ ዘንጉ በሙሉ አንድ ቅጠል ነው፣ ትንንሾቹ የእሱ ክፍሎች ናቸው።

ረ. አበባውንና ፍሬውን በአጉሊ መነጽር። መነጽሩን ዐይናችሁ ሥር አስጠጉና ዕፁን ወደ እሱ አምጡት። አብዛኛው ሰው መነጽሩን ዕፁ ላይ አድርጎ ከሩቅ ያያል፣ በዚያ መንገድ ምንም አይታይም። አደይ አበባን እንዲህ እዩት። አንድ አበባ የምንለው ነገር መሐሉ ላይ የተሰበሰቡ ብዙ ትንንሽ አበባዎች ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ዙሪያው ያለው ቢጫ ቅጠል መሳይም እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለረጅም ጊዜ ከዚያ ቦታ አልተነሣሁም።

ደረጃ 6። ሰው ጠይቁ፣ ሲመልሱም በደንብ ስሙ

እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ዕፅዋቱን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ነገር ግን ሸክም ያለበትን ሰው አታቁሙ። ያረፉበት ቦታ ላይ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ጠይቁ። «ይህ ማን ይባላል?» ብቻ አይሁን። «ለምን ይጠቅማል? ከብት ይበላዋል? እሳት ላይ ይጨሳል? ሌላ የሚመስለው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ወርቅ ነው። ያልጠበቃችሁትን መለያ የሚነግሯችሁ ያኔ ነው።

ኦሮምኛውንም ስም ጻፉ። አዲስ አበባ ዙሪያ ብዙው ዕፅ ሁለት ስም አለው፣ አንዳንድ የቦታ ስሞቻችንም ከዚያ የመጡ ናቸው። ወይራ ኤጄርሳ ነው፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ኮሶ ሄጦ፣ ዋንዛ ወዴሳ። ብሳና ደግሞ መካኒሳ ነው፣ መካኒሳ የሚኖር ሰው ይህን ከሰማ በኋላ ብሳናን አይረሳም።

አንድ የባህል ሐኪም የነገሯችሁን የመድኃኒት አዘገጃጀት ያለ ፈቃዳቸው አታሰራጩ። ዕውቀቱ የእሳቸውና የማኅበረሰቡ ነው። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ።

ደረጃ 7። ፎቶ አንሡ

ለአንድ ዕፅ አምስት ፎቶ፦ ሙሉ ቁመናው፣ ቅርፊቱ፣ ቅጠሉ ከላይ፣ ቅጠሉ ከታች፣ አበባው ወይም ፍሬው። ከቅጠሉ ጀርባ ነጩን ወረቀት ያዙ፣ ከጎኑ ሜትሩን አድርጉ። አበባ ብቻ የተነሣ ፎቶ ይልኩልኝና «ይህ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ያምራል፣ ግን መመለስ አይቻልም።

ኢናቹራሊስት ወይም ፕላንትኔት የሚባሉትን፣ ከፎቶ ዕፅ የሚለዩ የስልክ መተግበሪያዎች መጠቀም ትችላላችሁ። ጥሩ ናቸው፣ ግን የሚሰጧችሁ ግምት ነው። የእኛን አገር ዕፅ ሌላ አገር ካለ ዘመዱ ጋር ብዙ ጊዜ ያምታታሉ። መልሱን ተቀብላችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና ምልክቶቹ መግጠማቸውን እዩ። ብርቅዬ ወይም ሰው የሚነቅለው ዕፅ ከሆነ ኢናቹራሊስት ላይ ትክክለኛ ቦታውን ደብቁ፣ ምርጫው አለ።

ደረጃ 8። እዚያው ቆማችሁ ጻፉ

ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ያለ ሰው ሲጽፍ አላየሁም። ለእያንዳንዱ ዕፅ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የበቀለበት ሁኔታ፣ የአማርኛ ስም፣ የኦሮምኛ ስም፣ ስሙን የነገረን ሰው ማን እንደሆነ (ፈቃደኛ ከሆኑ)፣ ያየናቸው ምልክቶች፣ አበባና ፍሬ አለው ወይስ የለውም። የአበባውን ቀለም በተለይ አትዝለሉ፣ ሲደርቅ ይጠፋል፣ ፎቶም ያሳስታል።

እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ስም ጎን የጥያቄ ምልክት አድርጉ። የጥያቄ ምልክት የሞላው ደብተር ጥሩ ደብተር ነው።

ደረጃ 9። አረጋግጡ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፣ በወረቀት ላይ ደርቀው የተቀመጡ የኢትዮጵያ ዕፅዋት የሚገኙበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ የተዘረዘሩበት ፍሎራም የተዘጋጀው እዚያው ነው። ቀጠሮ ይዛችሁ፣ አምስቱን ፎቶና ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። «ይህ ምንድን ነው?» ሳይሆን «እኛ በእነዚህ ምልክቶች ምክንያት ጥቁር እንጨት ብለነዋል፣ ልክ ነን?» በሉ። የሚመልስላችሁ ሰው የተሳሳታችሁበትን ቦታ ጭምር ያሳያችኋል።

እዚህ ላይ ሳይንሳዊ ስሙንም ያዙ። ለመራቀቅ አይደለም፣ «ጥድ» ሲባል የቱ ጥድ እንደሆነ የሚለየው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጁኒፐረስ ፕሮሴራ የሐበሻው ነው፣ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ የፈረንጁ።

ደረጃ 10። በወሩ ተመለሱ

ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ዐሥር ዕፅ። በሁለተኛው ጉዞ አንድ ሰው ብቻውን ከፊት ይሂድና ዐሥሩን ይጥራ፣ ሌሎቹ አይርዱት። የት እንደሚሳሳት እዚያ ይታያል። ከዚያ ምን እንደተለወጠ ጻፉ፦ የትኛው አበበ፣ የትኛው ቅጠል አረገፈ፣ የትኛው ተቆረጠ። ሁሉም ሰው ዐሥሩን ያለ እርዳታ ሲለይ አምስት ጨምሩ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

በአንድ ምልክት ብቻ መወሰን። ቢያንስ ሦስት ምልክት ይግጠም። ባሕር ዛፍን እዩ፣ የችግኙ ቅጠል ክብ መሳይ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ጥንድ ጥንድ ነው። የትልቁ ቅጠል ረጅምና ማጭድ መሳይ ነው። አንድ ዛፍ መሆኑን ያላወቀ ሰው ሁለት ብሎ ይመዘግባል።

የስም ጋጋታ። አደይ አበባ ብለን የምንጠራው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፣ የሚመሳሰሉ ብዙ ዘመዳሞች ናቸው። ደብተር ላይ «አደይ አበባ» ብቻ ብላችሁ ካቆማችሁ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

መንቀልና መቅጠፍ። ሃያ ሰው አንድ አንድ ቅጠል ቢወስድ ትንሽ ቁጥቋጦ ይራቆታል። የወደቀውን ተጠቀሙ። ዘር ለመትከል ከፈለጋችሁ የቦታውን ባለቤት ጠይቁ፣ መሬት ላይ ከወደቀው ጥቂቱን ብቻ አንሡ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ዘር በሻንጣ መላክ ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ ዳያስፖራ ጓደኞቻችን ይህን ብዙ ጊዜ ስለሚጠይቁኝ ነው የጻፍኩት።

አንድ አዋቂ ላይ መንጠልጠል። ያ ሰው ያልመጣ ቀን ቡድኑ ዝም ብሎ ይዞራል። አዋቂው መጨረሻ ላይ እንዲናገር ጠይቁት፣ በደስታ ይስማማል።

ስትበተኑ ጓንታችሁን አውልቁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሳችሁ ላይ የተጣበቀውን ዘር እዚያው አራግፉ፣ የወራሪ አረም ዘር ወደ ሠፈር እንዳታስገቡ። ቆሻሻውን ሰብስቡ። ከዚያ ከኋላ የነበረው ሰው ሁላችሁንም ይቁጠር፣ የሚቀጥለውን ቀንም እዚያው ቆማችሁ ቁረጡ።